ጎተራው ሞልቶ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ

ሐዋሳ ላይ መብራት ድርግም ሲል በየሰፈሩ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ሁሉ ግድብ ተሠርቶ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሁለት ነገር ይቀላቅላል። ኃይል አለ ወይ? ካለስ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ግድብ ጎተራ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ያበላል። አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከውሃ ስለሚመነጭ ጎተራው ሲጎድል ሁሉም ቤት ይታወቃል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያየነው ይህንኑ ነው። የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ቀነሰ፤ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላትና ቤቱም ፋብሪካውም ፈረቃ ገባ። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ተርባይኖች እዚያው ነበሩ፤ ያነሰው ውሃው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ መጥቷል። «እንግዲህ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። ዓባይና ኦሞ የተለያዩ ወንዞች መሆናቸው መልካም ነው፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸው ክረምት ላይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ኢንጉላ በተባለው ጣቢያዋ፣ ኤሌክትሪክ ሲተርፍ ውሃ ወደ ላይኛው ግድብ በፓምፕ ትገፋለች፤ ሲያጥራት መልሳ ትለቀዋለች። በምልልሱ የሚባክን ኃይል አለ። እኛ ግን ያን ያህል መድከም የለብንም። አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋስ ሲነፍስ የጊቤን ውሃ አለመልቀቅ ብቻውን ቁጠባ ነው። ነፋሳችን ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው። ነፋስና ፀሐይ የግድብ ተፎካካሪ ሳይሆኑ የጎተራው ጠባቂ ናቸው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ግድብ አይመልሰውም። እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት ማገዶ ትታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታለች። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን ካልቻለ ሕዳሴ ጢም ብሎ መሙላቱ ለእሷ ምኗም አይደለም፤ ሊጡ ኮምጥጦ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያግዘው ሌላ ጎተራ ነው፦ በማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ የሚቆም፣ ጭነት ሲቀል ሞልቶ ማታ የሚሰጥ ትልቅ ባትሪ። እሱም ቢሆን ያረጀ ሽቦና የዘመመ ምሰሶ አይጠግንም።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጥያቄያችንን እናስተካክል። የጠፋው ውሃ አንሶ ነው ወይስ መስመር ተበላሽቶ? መልስ የሚሰጠን አካልም ለይቶ ይንገረን። በሽታው ካልታወቀ፣ ለትራንስፎርመር የሚያስፈልገውን ብር ሌላ ግድብ ላይ አፍስሰን በጨለማ መቀመጣችን ነው።