ስለ ኢሜይል ደብዳቤ ማኅተም

የመንግሥት ሥራ በደብዳቤ እንደሚከናወን፥ ደብዳቤም በማኅተምና በፊርማ እንደሚታመን ከማንም የተሰወረ አይደለም። በቀድሞው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ፥ ከእርሱ እንደ መጣ በሚመስል ደብዳቤ እንዳይናወጡ አስጠንቅቆ፥ የገዛ እጁን ጽሕፈት የመልእክቱ ሁሉ ምልክት አድርጎ ሰጥቷቸዋል።

ዛሬ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኢሜይልም ይሄዳል። ነገር ግን የዚህ መልእክት ሥርዐት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓ. ም. ሲደነገግ፥ የላኪውን ስም የሚመረምር ዘበኛ አልቆመለትም። ስለዚህ ማንም ተንኰለኛ በሚኒስቴር ስም ጽፎ፥ ጡረተኛውን ገንዘብህን ለመቀበል ይህን ክፈል፥ ነጋዴውን የጨረታውን ማስያዣ በዚህ ሒሳብ አግባ ለማለት ይችላል። በገዳም ስም ምጽዋት የሚለምን ሐሰተኛም እንዲሁ ነው። የሚጠፋው ገንዘብ የድኻው ሲሆን፥ የሚጠፋው መታመን ግን ስሙ የተሰረቀበት መሥሪያ ቤት ነው።

ለዚህ መድኀኒት ከተገኘ ቈይቷል። ሦስት ነው፤ ሦስቱም ዲ ኤን ኤስ በሚባለው በስሙ የሕዝብ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። ፊተኛው ኤስ ፒ ኤፍ፥ በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ማሽኖች ይዘረዝራል፤ ለአንድ ስም ሁለት ሆኖ ቢጻፍ እንደ ተበላሸ ይቈጠራልና አንድ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ዲኪም ማኅተም ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አንዱን ቍልፍ ሰውሮ ሌላውን በመዝገቡ ይገልጣል፤ በስውሩ የታተመው ደብዳቤ በመንገድ ቢለወጥ፥ ተቀባዩ በግልጡ መርምሮ ያውቃል። ሦስተኛው ዲማርክ፥ በአንባቢው ፊት የሚታየው የላኪ ስም ከሁለቱ ከአንዱ ጋራ እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ባይስማማ ይለፍ፥ ወይም ተለይቶ ይቀመጥ፥ ወይም ይመለስ ብሎ ያዛል፤ የሆነውንም ለባለቤቱ ያስታውቃል።

ይህን ችላ ያለ መሥሪያ ቤት እውነተኛ ደብዳቤውም ይጣልበታል። ጉግል ከ2024 እ. ኤ. አ. የካቲት ወር ጀምሮ፥ በቀን ከ5,000 በላይ ደብዳቤ ወደ ደንበኞቹ የሚልክ ሁሉ ሦስቱን እንዲያሟላ አዟል፤ ያሁም ብዙ ለሚልኩት ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል።

ከአራዳ በታች ያለው ቴዎድሮስ አደባባይ በሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የታወቀ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ መድፉን ሲያስብ ደብዳቤውንም ያስብ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ. ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ፤ በቅያሜውም ቆንሲሉ ታሰረ፤ ነገሩም በ1860 ዓ. ም. በመቅደላ ጦርነት ተፈጸመ። ያ ደብዳቤ ችላ የተባለው በማኅተም ጕድለት አልነበረም፤ ሆኖም እውነተኛ ቃል ወደ ጐን ሲጣል ምን እንደሚያስከትል ያስተምራል።

እንግዲህ የየመሥሪያ ቤቱ ሹም፥ በስማችን ደብዳቤ የሚልክ ማን ማን ነው ብሎ በመጠየቅ ይጀምር። ዝርዝሩ ሲሟላ ኤስ ፒ ኤፍና ዲኪም ይጻፉ፤ ዲማርክም በመጀመሪያ ለመመልከት ብቻ ይታዘዝ፤ የሚመጣው ማስታወቂያ ተነብቦ የተረሳ ላኪ ከታረመ በኋላ፥ ሐሰተኛው ተለይቶ ይቀመጥ፥ በመጨረሻም ይመለስ። በችኰላ የሚከለክል የራሱን ደብዳቤ ይከለክላል፤ በመመልከት ብቻ የሚቀርም በሩን ክፍት ትቶ የሚገባውን እንደሚቈጥር ዘበኛ ነው። ደብዳቤ የማይላክበት ስም ደግሞ ላኪ የለውም ተብሎ በመዝገቡ ይገለጥ።

ኤልዛቤል በአክዓብ ስም ጽፋ ናቡቴን ያስገደለችው በእውነተኛው የንጉሥ ማኅተም እንደ ሆነ አይዘንጋ፤ ስውሩ ቍልፍ ካልተጠበቀ ማኅተሙ ለሐሰት ያገለግላል። አንድ ፊደል ለውጦ ተመሳሳይ ስም የሚያበጀውንም ይህ መዝገብ አይከለክለውምና፥ የአንባቢው ትጋት አይቅር። በግል የኢሜይል አድራሻ የመንግሥትን ሥራ የሚጽፍ ባለሥልጣንም፥ ሕዝቡ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበትን ምልክት ያጠፋልና፥ ይህን ልማድ ይተው ዘንድ እናሳስባለን።