የመራጭ ትዕግሥትና የሹም ዕዳ

ሕዝብ እንደራሴዎቹን በድምፁ የሚመርጥበት ቀን በብዙ አገር እንደ በዓል ይከበራል። ዳሩ ግን በዓል ከመሆኑ አስቀድሞ የሥራ ቀን ነው፤ ሥራውም የሚከብደው በመራጩ ላይ ሳይሆን መራጩን በሚያስተናግደው ሹም ላይ ነው። መራጩ ከቤቱ ተነሥቶ፣ ተሰልፎ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ምልክት አድርጎ ይመለሳል። ሹሙ ግን ያ ሰው የሚጠብቅበትን ሰዓት፣ የሚቆምበትን ጥላ፣ የሚሰወርበትን መጋረጃ፣ ወረቀቱን የሚጥልበትን ሣጥን ሁሉ አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት። ከዚህ አንዱ ቢጎድል ጉድለቱ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ለመረዳት በ1986 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ የተደረገውን ምርጫ መመልከት ይበቃል።

በዚያ አገር ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ጥቁሩ ወገን በተወለደበት ምድር እንደ መጻተኛ ተቈጥሮ ኖረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ግዛቶቹ ተባብረው አንድ መንግሥት ሲሆኑ በኬፕ ግዛት ለሚኖሩ ጥቂት ጥቁሮች የመምረጥ መብት ቀርቶላቸው ነበር፤ በ1936 ግን እነርሱም ከጋራው የመራጮች መዝገብ ተሠረዙ። ጥቁሩ ሰው መንግሥትን የሚያውቀው ይልቁንም በይለፍ ደብተር ነበረ። ደብተሩን ሳይዝ በነጮች ከተማ ቢገኝ ይታሰራል፤ ደብተሩን ለማግኘትም በጽሕፈት ቤት ደጅ ቆሞ ይውላል። እንግዲህ ያ ሕዝብ ሰልፍ ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀውም የውርደት ምልክት አድርጎ ነው። በ1986 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የቆሙት ያው ሰዎች ናቸው፤ የሚጠብቁት ነገር ግን ሌላ ሆነ።

ምርጫው ሚያዝያ 18 ቀን ለአረጋውያን፣ ለበሽተኞችና አካላቸው ለጎደለ ሰዎች ተከፈተ፤ ሚያዝያ 19 እና 20 ቀን ደግሞ ለሁሉ ሆነ። ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ያ ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነበረ፤ ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 23 ቀን ውሏልና፣ እዚህ ምእመናን በስግደት ላይ ሳሉ በዚያ ያለው ሕዝብ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ በሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ከአየር ላይ ለተመለከተው ሰልፉ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ መጨረሻው አይታይም ነበረ። የቤት ሠራተኛዪቱ ከእመቤቷ፣ ሎሌው ከጌታው ጋራ በአንድ መስመር ቆሙ፤ ከፊት የቀደመውም ማለዳ የተነሣው ብቻ ነው። ምርጫው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 16 ቀን፣ በዮሐንስበርግ ከተማ በአውቶሞቢል ላይ የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ፤ በማግሥቱም በሌላ ሥፍራ ይህንኑ የመሰለ አደጋ ተደገመ። የዚህ ሁሉ አሳብ ሕዝቡን ከቤቱ ለማስቀረት ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልቀረም።

ኔልሰን ማንዴላ በ75 ዓመታቸው በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን ድምፅ የሰጡት በደርባን አጠገብ ኢናንዳ በሚባል ሥፍራ፣ በኦሃላንጌ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ቦታ የመረጡት በ1912 በአውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተው የጥቁሮች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ዱቤ በዚያ ተቀብረዋልና፣ አስቀድሞ መቃብሩን ለመሳለም ነበር። እኚህ ሰው በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪቃውያን ጉባኤ ላይ ተናግረዋል፤ በኢትዮጵያም የጦር ትምህርት ተቀብለዋል። ስለዚህ በኢናንዳ ሣጥን ውስጥ የወደቀችው ወረቀት ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽማ ባዕድ አይደለችም።

የኬፕ ታውን ሊቀ ጳጳስ ዴስሞንድ ቱቱም እንደዚሁ 62 ዓመት ሲሆናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። ምን እንደ ተሰማቸው ቢጠየቁ ነገሩን ከፍቅር ጋራ አመሳስለው መለሱ፤ በደስታም ዘለሉ። ሊቀ ጳጳስ በአደባባይ አይዘልም ብሎ የሚነቅፍ ቢኖር፣ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉን፣ በዚህም የነቀፈችው ማን እንደ ነበረች ያስታውስ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብዙ ጊዜ የተነገረና የተመሰገነ ነው። ሹማምት ሊያጤኑት የሚገባው ግን ሌላው ወገን ነው። ለዚያ ምርጫ የመራጮች መዝገብ አልነበረም፤ መዝገብ ለማዘጋጀት ጊዜ አልተገኘምና። ስለዚህ በየጣቢያው ስንት ሰው እንደሚመጣ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ እጁ በዓይን በማይታይ ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙም በልዩ መብራት ሲመረመር ይታያል። ይህ ብልሃት ሁለት ጊዜ የሚመርጠውን ይከለክላል እንጂ አንድ ጊዜ ሊመርጥ ለመጣው ወረቀት አያደርስለትም። የኢንካታ ማኅበር ወደ ምርጫው የገባው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ወረቀቱ ሁሉ ከታተመ በኋላ ስለ ሆነ፣ ስሙ በቁራጭ ወረቀት ታትሞ ከግርጌ በእጅ ይለጠፍ ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን ሲነጋ ወረቀት ያልደረሰበት፣ ማኅተም የጎደለበት፣ በጊዜው ያልተከፈተ ጣቢያ ብዙ ነበረ። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ አውራጃ ምርጫው አንድ ቀን ተጨምሮለት እስከ ሚያዝያ 21 ዋለ።

የምርጫው ኮሚሲዮን ሊቀ መንበር ዳኛ ዮሐን ክሪግለር ሚያዝያ 28 ቀን ምርጫው በጠቅላላው ነጻና ትክክለኛ መሆኑን አስታወቁ። ከ19 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ድምፁን ሰጥቷል፤ የማንዴላ ማኅበርም ከመቶ 62 እጅ የሚበልጥ አገኘ፤ ግንቦት 2 ቀን ማንዴላ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ነገሩ በደኅና አለቀ። ነገር ግን በደኅና ያለቀው ሹማምት ስላላጎደሉ ነውን? አይደለም። ሹማምት ያጎደሉትን ሕዝቡ በእግሩ ቆሞ ስለ ከፈለላቸው ነው። ሰባና ሰማንያ ዓመት የጠበቀች አሮጊት አንድ ቀን ብትጨምር ምን ቸገራት የሚል ይኖር ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቃል ግን ከሹም አፍ ሊወጣ አይገባውም። ትዕግሥት የመራጩ ክብር ነው፤ ለሹሙ ግን ዕዳ ነው። የሌላውን ሰው ትዕግሥት እንደ ገዛ ሥራው ቈጥሮ በሪፖርቱ ላይ «ሕዝቡ በጨዋነት ተሰልፎ ዋለ» ብሎ የሚጽፍ ሹም፣ ያልከፈለውን ዕዳ እንደ ከፈለ አድርጎ በመዝገብ ማግባቱ ነው።

ስለ መጋረጃውም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በደቡብ አፍሪቃው ወረቀት ላይ የየማኅበሩ ስም ብቻ ሳይሆን ምልክቱና የመሪው ፎቶግራፍም ታትሞ ነበር፤ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ በዓይኑ ለይቶ እንዲመርጥ ነው። ሎሌው ከጌታው ጋራ ተሰልፎ ቢመጣም መጋረጃው ውስጥ የሚገባው ብቻውን ነው። ሰልፉ ሰውን ያስተካክላል፤ መጋረጃው ግን ከጌታው ዓይን ነጻ ያወጣዋል፤ ያለ ሁለተኛው የፊተኛው ለታይታ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የካህናት ነገር ከጌቶች ነገር ይረቅቃል። ጌታ የሎሌውን እንጀራ ይይዛል፤ የነፍስ አባት ግን የንስሓ ልጁን ኅሊና ይዟል። የነፍስ አባት «እገሌን ምረጥ» ያለው ሰው መጋረጃው ውስጥ ብቻውን ቢገባም ብቻውን አይደለም። ሊቀ ጳጳስ ቱቱ ይህን አስቀድመው ተረድተውት እንደ ሆነ ከሥራቸው ይታያል፤ ማንዴላ በ1982 ዓ.ም. ከእስር ቤት በወጡ ጊዜ፣ ሁሉም ሰው ወገን ለመያዝ በሚጣደፍበት ወራት፣ በሥራቸው ያሉ ካህናት የፖለቲካ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ከለከሉ። እርሳቸው ስለ ሕዝቡ መብት በአደባባይ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ነበሩና በፍርሃት አደረጉት የሚል አይገኝም። ካህን እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፎ ይምረጥ፤ ሰልፉን ትቶ ወደ ፊት እንዲያልፍ ሲለምኑትም፣ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ካልሆነ በቀር፣ እምቢ ይበል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የሚመረጡት በመኳንንትና በሹማምት ነበረ። ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያም መሠረት በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ተደርጎ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከሴቶች መጀመሪያ ለምክር ቤት ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ የኢትዮጵያ መራጭ ግን በትዕግሥቱ ከማንም አያንስም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከንጋት በፊት ወጥቶ ተሰልፎ መዋሉን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ ጣቢያዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጉ ሲገባ ሰልፉ ባለማለቁ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲቆዩ ታዘዘ፤ በሲዳማ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀት በማነሱ ምርጫው በማግሥቱ እንዲቀጥል ሆነ። ሰዓቱ መራዘሙ መልካም ነው፤ ተሰልፎ የነበረ ሰው በሩ ሊዘጋበት አይገባምና። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ደቡብ አፍሪቃ የነበራት ምክንያት አልነበረም፤ የመራጮች መዝገብ ነበረና በየጣቢያው የሚመጣው ሰው ቍጥር ታውቆ ነበር።

ስለዚህ በሚመጣው ምርጫ የየጣቢያው ኀላፊ ከድምፁ ቍጥር ጋራ ሌላ ሦስት ነገር በመዝገብ ጽፎ ቢያቀርብ ይገባዋል፤ ይኸውም በሩ የተከፈተበትን ሰዓት፣ የመጨረሻው መራጭ የወጣበትን ሰዓት፣ ወረቀት በማጣት ወይም በመዘግየት ሳይመርጡ የተመለሱትን ሰዎች ብዛት ነው። ሦስተኛውን መጻፍ የሚያሳፍር ነውና ኀላፊዎች ሳይወዱት አይቀርም፤ ነገር ግን ከሦስቱ ይልቅ በበላይ ሹማምት ዘንድ ሊነበብ የሚገባው እርሱ ነው። ካህናትም በየደብራቸው አረጋውያንንና ነፍሰ ጡሮችን ማን እንደሚያስቀድምላቸው ከጣቢያው ኀላፊ ጋራ አስቀድመው ቢነጋገሩ፣ ከምርጫው በፊት ባለው እሑድም ይህንኑ ብቻ በዐውደ ምሕረት ቢያስታውቁ፣ የማንንም ስም ሳያነሡ ለመራጩ ሊያደርጉለት የሚችሉትን ያደርጋሉ።