ዳንኤል ማዕዱን እንጂ መጽሐፉን አልገፋም



በዚህ ዓመት ወፋፍራም መጻሕፍትን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ወስኜ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የወደድኳቸውን ሦስቱን ስነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ፣ «ልብ ወለድ ለአማኝ ምን ይጠቅመዋል? ዓለማዊ አይደለም ወይ?» አላችሁኝ። ጥያቄው የቅንነት ነው፤ መልሴ ግን ለስላሳ አይሆንም። ይህ አመለካከት ቅድስና አይደለም፤ የቅድስና ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። ዋጋውንም የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

እስቲ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ክፈቱ። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሑፍ እንዲማሩ ታዘዙ፤ ተማሩም። የጣዖት አገር መጽሐፍ ነው ብለው አላመፁም። እምቢ ያሉት የንጉሡን መብልና የወይን ጠጅ ነው። ትምህርቱንማ እንዲያውም እግዚአብሔር ራሱ ማስተዋል ሰጣቸው። እኛ ነገሩን ገለበጥነው፤ ከማዕዱ ሳንጾም ከመጽሐፉ እንጾማለን። ነቢዩ ናታንስ? ዳዊትን በቀጥታ ቢወቅሰው ኖሮ ንጉሡ ሰበብ ባላጣ ነበር። ናታን ግን የአንድ ድሃና የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ፈረደ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ዞረ። ጥሩ ልብ ወለድ የሚሠራው እንዲህ ነው።

«የወንጌላውያን ወግ አይደለም» የምትሉም አትጠፉም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከባርነት ነጻ የወጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም የደከሙ አገልጋዮች ናቸው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1894፣ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የንባብ ማስተማሪያ አሳትመዋል። በውስጡም አስቴር በቃሏ ይዛ ያቆየቻቸው የሕዝቡ ተረቶች ገብተውበታል። እነዚያ ሰዎች ተረት ወንጌልን ያረክሳል ብለው አልፈሩም። እኛ ከእነርሱ ይልቅ መንፈሳዊ ሆነን ነው?

አሁን ወደ ሦስቱ መጻሕፍት ልምጣ። የመጀመሪያው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ። በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሰማችሁት ብዙ ናችሁ፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። የፍቅር ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። በዛብህ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተስለው፣ ሳያገባ እንዲኖር ለእግዚአብሔር ሰጡት። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያሳድደው ያ እርሱ ያልተሳለው ስለት ነው። ወላጅ የተሳለው ስለት የልጅን ሕሊና ያስራል ወይ? በመካከላችን «እናቴ ገና በማኅፀን ሳለሁ ለአገልግሎት ሰጥታኛለች» እያሉ በጭንቀት የሚኖሩ ወጣቶች አሉ። ይህን ጥያቄ እኛ ከመድረክ ስንሸሸው ሐዲስ በመጽሐፉ መካከል አቁሞታል።

ሁለተኛው የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ነው። ልብ ወለድ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር ለእግዚአብሔር የተነገረ የሕይወት ታሪክ ነው። በጉርምስናው ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፍሬ ሰረቀ። ርቧቸው አልነበረም፤ አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ታዲያ ለምን ሰረቅሁ ብሎ ገጽ በገጽ ልቡን ይመረምራል። የእኛ ምስክርነት ግን «ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን ተለወጥኩ» ብሎ በ5 ደቂቃ ያልቃል። አውግስጢኖስ በ10ኛው ክፍል፣ ጳጳስ ከሆነም በኋላ የሚፈትነውን ሁሉ ይዘረዝራል። ከዳናችሁ በኋላ ስለሚታገላችሁ ነገር ለመናገር ቃል ካጣችሁ ይህን አንብቡ።

ሦስተኛው የዶስቶዬቭስኪ «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ» ነው። ደራሲው ክርስቲያን ነው፤ ዕድሜው 3 ዓመት ያልሞላ ልጁ አልዮሻ እ.ኤ.አ. በ1878 ሞቶበታል። ሆኖም እግዚአብሔርን የሚሞግተውን ኢቫንን አላዳከመውም። ኢቫን የሕፃናትን ሥቃይ እየቆጠረ ሲጠይቅ አማኙ ወንድሙ አልዮሻ በክርክር አይረታውም፤ ይስመዋል። የደራሲው መልስ በቀሪዎቹ ብዙ መቶ ገጾች በሰዎች ኑሮ ይገለጣል። ይህን ሙግት ነገ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምትሰሙት ዛሬ ከአማኝ እጅ ብትሰሙት አይሻልም?

ልብ ወለድ ሁሉ መልካም ነው አላልኩም። ርካሽ ልብ ወለድ አለ፤ ርካሽ መንፈሳዊ መጽሐፍም አለ። በጥቂት ገጽ ስኬትን የሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት ብቻ ያነበበ ወጣት መጽሐፈ ኢዮብ ይረዝምበታል፤ የወዳጆቹን ረጅም ክርክር ዘሎ መጨረሻው ላይ ያለውን በረከት ይፈልጋል። ያዘነ ሰው ሲመጣበትም ከአንድ ጥቅስ በላይ የሚለው የለውም። አበው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት የሌላውን ሕመም ማወቅ ላቃተው ነው። የሌላውን ሰው ሕይወት ከውስጥ ሆኖ ማየት ደግሞ በንባብ ይለመዳል።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በሚቀጥሉት 3 ወራት እያንዳንዱ ኅብረት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይምረጥ። በሳምንት 30 ገጽ አንብባችሁ ተወያዩበት፣ ተከራከሩበት፣ ጸልዩበትም። መጽሐፉ ውድ ከሆነ ተዋጥታችሁ አንድ ግዙና በየተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ዓለማዊ ነው» የሚል ቢመጣ ግን ክርክሩን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፤ አንብበኸዋል ወይ?