ምጣድ ሳይጣድ እንጀራ አያስታውቅም

«የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል» ይባላል። የባለ ተሰጥዎ ሕፃናት ትምህርት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ ጋሻ ይመከትበታል። ብሩህ አእምሮ ያለው ልጅ የትም ቢወለድ ራሱን መግለጡ ስለማይቀር መንግሥትም፣ ትምህርት ቤትም፣ የኪነ ጥበብ ተቋምም ለይተው የሚጨነቁበት ምክንያት የለም ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌውን የሚጠቅሱት ወገኖች የዘነጉት ነገር አለ። እንጀራ ከምጣዱ የሚያስታውቀው አስቀድሞ ሊጡ ሲቦካ፣ እሳቱ ሲነድ፣ ምጣዱ ሲግልና አክንባሎውን የምታነሣ ባለሙያ ስትኖር ነው። በቡሃቃ ውስጥ የቀረ ሊጥ ስንቱን ያጠግብ እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም።

ይህ አባባል የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። ተሰጥዎ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል የሚለው እምነት ከዚህ አኃዝ ፊት ቆሞ መልስ መስጠት አለበት። ከሺህ በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለሒሳብ፣ ለቋንቋ ወይም ለሳይንስ የተፈጠረ አንድ እንኳ ልጅ አልነበረም ብሎ የሚከራከር አስተዋይ ሰው አይገኝም። ልጆቹ ነበሩ፤ አክንባሎውን ያነሣ ግን አልነበረም። በፈተናው የወደቀው ተማሪው ብቻ ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት ራስን ማታለል ነው።

ለባለ ተሰጥዎ ልጅ የተለየ መንገድ መጥረግ ከውጭ አገር የመጣ ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ ወገኖች የአገራቸውን የትምህርት ታሪክ ቢመረምሩ ኖሮ እንዲህ ባላሉ ነበር። የቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ተማሪውን የሚያሳልፈው በዕድሜው ወይም በቆየበት ዘመን ልክ አልነበረም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር የሚወጣው ቅኔው ሲፈቅድለት ነው። ፈጣኑ በአጭር ጊዜ ቤት ይሞላል፤ ዘገምተኛው እስኪበስል ይቆያል፤ አንዱ በሌላው ምክንያት አይታሰርም። ከዚህም በላይ ተማሪው ለችሎታው የሚመጥነውን መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር በአታ፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ማን ምን እንደሚያውቅና የት እንደሚያስተምር በየመንደሩ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በወረዳው ውስጥ ባለ ተሰጥዎ ልጅ ያገኘ መምህር «ወዴት ልላከው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው ቢሮ ለማግኘት ይቸገራል። አኩፋዳ ተሸክሞ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማር የነበረው የቆሎ ተማሪ በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ተማሪ የተሻለ አቅጣጫ ጠቋሚ ነበረው።

ይህን ማለት ያለፈውን ሁሉ ማወደስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት በሩን ለሴት ልጅ የከፈተው እጅግ በጥቂቱ ነው። በጎጃም የታወቁት ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እሜቴ ገላነሽ ሐዲስ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሊቅነታቸው አይካድም፤ ነገር ግን ወደ ቅኔው ዓለም የገቡት አባታቸው ራሳቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ነው። በአካባቢው ለነበሩት፣ አባታቸው ገበሬ ለሆነ ሌሎች ልጃገረዶች በሩ ዝግ ነበር። ተሰጥዎ ከዘርና ከቤት ሀብት ሳይጠይቅ የሚወለድ ሲሆን ዕድል ግን ቤት እየመረጠ ሲገባ ኖሯል።

ሌላው ስሕተት ተሰጥዎን ከክፍል ደረጃ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንደኛ የወጣ ልጅ ሁሉ ባለ ተሰጥዎ፣ ባለ ተሰጥዎ የሆነም ሁሉ አንደኛ የሚወጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሉዊስ ተርማን በካሊፎርኒያ ልጆችን በአእምሮ መለኪያ ፈተና እየመዘነ ከ1,500 በላይ የሚሆኑትን መርጦ ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ጀመረ። በዚያ ፈተና ተመዝነው ነጥባቸው ስላልደረሰ ከተጣሉት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሾክሊ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተመረጡት መካከል ግን ለዚህ ሽልማት የበቃ አልተገኘም።

የሕንዱ ሊቀ ሒሳብ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ታሪክ ደግሞ ለኢትዮጵያ መምህር ይበልጥ ይቀርባል። ከድኻ ቤት የተወለደው ይህ ልጅ በ16 ዓመቱ ገደማ አንድ የሒሳብ መድበል በውሰት አገኘ፤ በዚያ መጽሐፍ ተመርቶም ብቻውን ወደ ሩቅ ተጓዘ። ኮሌጅ ሲገባ ግን ከሒሳብ በቀር ሌላውን ትምህርት ችላ በማለቱ ፈተና ወድቆ የነፃ ትምህርት ዕድሉን ተነጠቀ። እ.ኤ.አ. በ1913 ለእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ለሃርዲ የላከው ደብዳቤ አስተዋይ አንባቢ ባያገኝ ኖሮ ዓለም ስሙን ባልሰማ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍና አንድ አንባቢ ብቻ ነው፤ ሁሉን ትምህርት በአንድ ሚዛን አጠቃሎ የሚደምር ፈተና ደግሞ በአንድ በኩል የከበደውን ልጅ አቅልሎ ይጥለዋል።

እርግጥ ነው፣ ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። በቀድሞው ዘመን ጄኔራል ዊንጌትና ከየጠቅላይ ግዛቱ ምርጥ ተማሪዎችን ይሰበስብ የነበረው በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ብዙ ምሁራንን አፍርተዋል። በኋላም በመቐለ የቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ደግሞ የሳይንስና የሒሳብ ማዕከላት ተቋቁመዋል። የእነዚህ ተቋማት ፍሬ የሚያኮራ ነው። ሆኖም አሠራሩ በአጠቃላይ በፈተና ነጥብ አስቀድመው ጎልተው የወጡትን ሰብስቦ ማስተማር ነው። የታየውን እንጀራ ከምጣድ ማውጣት ጥሩ ሥራ ነው፤ ያልተጋገረውን ሊጥ ግን ማን ይጠይቀው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ ቈጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ልጅ ወልዶ ለትምህርት ሲያደርስ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ግን በአብዛኛው የገጠር ትምህርት ቤት ከወረቀት አልወረደም።

ጉዳዩ ወደ ኪነ ጥበብ ሲመጣ ጉድለቱ ይብሳል። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ዲግሪ የሚሰጡ ተቋማት ናቸው። ይህ ዕድገት ነው። ነገር ግን ደጃቸው የሚከፈተው ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ ወጣት ነው። ቫዮሊን በ18 ዓመቱ የሚይዝና በ6 ዓመቱ የያዘ ሰው ጣታቸው አንድ አይሆንም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ባይማሩ ኖሮ ዓለም ዛሬ የሚያደምጠው ሙዚቃቸው ባልተፈጠረ ነበር። ይህን ዕድል ያገኙት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በመሆናቸው ነው። አፈወርቅ ተክሌም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር፤ ወደ ሥዕል የተመለሰው እዚያ ያሉ መምህራን እጁን አይተው ስላበረታቱት ነው። አገሪቱ ታላላቅ ባለሙያዎቿን ያገኘችው በእቅድ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአጋጣሚ የተገኘውን ማንም ያውቃል፤ በአጋጣሚ የጠፋውን የሚቈጥር ግን የለም።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የእኩልነት ጥያቄ ነው። ብዙኃኑ ልጆች መጽሐፍና ወንበር ሳይኖራቸው ለጥቂቶች ልዩ ትምህርት ማሰብ አድልዎ አይሆንምን? ጥያቄው የተከበረ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። ዛሬ ልዩ ትምህርት የሚያገኙ ልጆች አሉ። በአዲስ አበባ ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ የፒያኖ መምህር ይቀጥራል፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ያስጀምራል፣ የሥዕል ቀለም ይገዛል። መንግሥት እጁን ቢሰበስብ ምርጫው አይቀርም፤ መራጩ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ እኩልነትን የሚጎዳው የድኻውን ልጅ ተሰጥዎ መፈለግ ሳይሆን አለመፈለግ ነው። በተጨማሪም ለባለ ተሰጥዎው የሚጠቅመው ዘዴ ለሌላው አይጎዳም። ጥያቄ የሚፈቅድ መምህር፣ ክፍት ቤተ መጻሕፍት፣ በእጅ የሚነካ ቤተ ሙከራ የክፍሉን ተማሪ ሁሉ ያነሣሉ። «ጎበዙ ራሱን ይችላል» የሚለው አባባልም በተግባር ሲታይ እውነት አይደለም። የሚያውቀውን ነገር ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ እንዲሰማ የተፈረደበት ልጅ ይሰለቻል፤ ይረብሻል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳል። መምህሩም «ረባሽ» ብሎ ይመዘግበዋል።

የገንዘብ እጥረትን እንደ መጨረሻ ምሽግ የሚይዙም አሉ። ለእነዚህ የሌሎችን ተሞክሮ ማሳየት ይበጃል። በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሩቅ የሳይቤሪያ መንደሮች ልጆችን የፈለጉት የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄዎችን በጋዜጣ በማሳተም ነበር። መልሱን በፖስታ የላኩት ልጆች ለሁለተኛ ዙር፣ ከዚያም ለበጋ ትምህርት ይጠሩ ነበር፤ በ1963 በኖቮሲቢርስክ የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በዚህ መንገድ አገኘ። በ1964 ደግሞ የሒሳብ ሊቁ ጌልፋንድ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ለሚኖሩ ልጆች በደብዳቤ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መሠረተ፤ የልጆቹን ደብተር የሚያርሙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ለዚህ የወጣው ወጪ በዋናው ቴምብርና ወረቀት ነው። ኢትዮጵያ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ገንብታለች። ሬዲዮና ስልክም አላት። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ከባድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተሰጥዎ ምልክቶችን ማወቅ የሥልጠናው አካል ይሁን፤ ብዙ የሚጠይቅ፣ ለብቻው የሚፈጥር፣ በያዘው ነገር የሚመሰጥ ልጅ አንደኛ ባይወጣም እንዲታይ። ሁለተኛ፣ ምርጫው በአንድ ፈተናና በአንድ ቋንቋ አይታሰር፤ ሥራን አይቶ፣ ድምፅን ሰምቶ፣ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ጠይቆ መመዘን ይቻላል። ሦስተኛ፣ የያሬድና የዓለ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የቅድመ ዝግጅት ክፍል ይክፈቱ፤ ተመራቂዎቻቸውም በየክልሉ ባህል ቢሮ ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምሩበት ሥርዓት ይዘርጋ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ምንም ጉድለት ቢኖራቸው መድረክ አይተው የማያውቁ ልጆችን ወደ መድረክ አውጥተዋል፤ ያ አደረጃጀት ሲፈርስ የተተካለት ነገር አልነበረም። አራተኛ፣ በየዞኑ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራውንና ቤተ መጻሕፍቱን በሳምንት አንድ ቀን ለአካባቢው ልጆች ይክፈት። አምስተኛ፣ በአንድ ትምህርት የቀደመ ልጅ በዚያ ትምህርት ከበላይ ክፍል ጋር እንዲማር የሚፈቅድ መመሪያ ይውጣ፤ የቅኔ ቤት ለዘመናት የሠራበት ነውና አዲስ ነገር ተብሎ አያስፈራም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴት ልጆች፣ የአርብቶ አደሩ ልጆችና አካል ጉዳተኞች ተለይተው ይፈለጉ።

የወረዳው ኃላፊ ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተሠራ ሲጠየቅ ቁጥር ይናገራል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስንት ባለ ተሰጥዎ ልጅ እንደ ተገኘ፣ የተገኘውም ወዴት እንደ ተላከ ግን ማንም አይጠይቀውም። ጥያቄው ከዚህ በኋላ በየስብሰባው መነሣት አለበት። መምህሩ ያገኘውን ልጅ በስም ይመዝግብ፤ ኪነ ጥበበኛው በሳምንት ሁለት ሰዓት ይስጥ፤ ኃላፊው መዝገቡን ከፍቶ ይጠይቅ። እሳቱ ሳይነድና ምጣዱ ሳይጣድ «የሚያጠግብ እንጀራ ያስታውቃል» ብሎ መጠበቅ ግን የአገር ሊጥ በቡሃቃው ውስጥ ሲኮመጥጥ ዝም ብሎ እንደ ማየት ነው።