«ይመለሳል» ብሎ መርፌን መንፈግ

በሰሜን አውሮፓ የዱፒትረን ሕመም የተለመደ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ የቀለበት ጣታቸው ወይም ትንሿ ጣታቸው ቀስ በቀስ ወደ መዳፍ ታጥፋ አልዘረጋ ትላቸዋለች። ጓንት ማጥለቅ፣ ፊት መታጠብ፣ ሰው መጨበጥ ያስቸግራል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ብዙዎቹ የሚሰሙት ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ መዳፍዎ ጠረጴዛ ላይ አልዘረጋ እስኪል ይጠብቁ፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና እንከፍተዋለን። በቀዶ ሕክምና ፈንታ ስለሚደረገው የመርፌ ሕክምና ለጠየቀ መልሱ «እሱ አያዋጣም፣ ይመለሳል» ነው። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ፍርድ ይሰጣል፤ የምቃወመውም ለዚህ ነው።

ሕመሙ የሚይዘው ጣት የሚያንቀሳቅሰውን ጅማት አይደለም። ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይወፍርና ይቋጠራል፤ ውሎ አድሮ እንደ ገመድ ተወጥሮ ጣቱን ይስባል። በመርፌ ሕክምና ሐኪሙ ቆዳውን በጥቂቱ አደንዝዞ፣ በተራ የሲሪንጅ መርፌ ስል ጫፍ ገመዱን ከተለያየ ቦታ ይቆርጠዋል፤ ጣቱን ሲዘረጋው የቀረው ይበጠሳል። ማደንዘዣው ጠልቆ የማይገባው ሆን ተብሎ ነው፤ መርፌው ወደ ነርቭ ከተጠጋ ጣቱን ስለሚነዝረው ታካሚው ወዲያው ይናገራል። ስፌት የለም፤ አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ እጁን ይሠራበታል። ቀዶ ሕክምናው ግን መዳፍ ከፍቶ የታመመውን ሽፋን ያወጣል፤ ቁስሉ እስኪድንና እጁ እስኪፍታታ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። እንግሊዛዊው አስትሊ ኩፐር ገመዱን በትንሽ ቀዳዳ መቁረጥ እንደሚቻል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው፤ ሕመሙ የተሰየመለት ጊዮም ዱፒትረን በፓሪስ መዳፍ ከፍቶ ያሳየው ከዚያ በኋላ፣ በ1831 ነው። በ1970ዎቹ መርፌውን ያስፋፋው ፈረንሳዊው ዣን ሉክ ሌርሙዚዮ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም እንጂ ቀዶ ሐኪም አልነበረም። ዘዴው ከፈረንሳይ ውጭ ለረጅም ጊዜ ችላ የተባለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ታካሚዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ፣ በመርፌ ከታከሙት 85 በመቶ ገደማ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ግን 21 በመቶ ገደማ ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አገኘ። በ2024 የታተመ የፊንላንድ ጥናትም በሦስት ወር ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ቢሆኑም፣ በሁለት ዓመት ቀዶ ሕክምናው እንደሚበልጥ አሳየ። ይህን የሚክድ መርፌ አድራጊ ካለ ታካሚውን እያታለለ ነው።

ነገር ግን በኔዘርላንዱ ጥናት «ተመለሰ» የተባለው የጣቱ አንጓዎች መታጠፍ በድምሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲጨምር ነው። ሰውየው በዚያ እጅ ሥራውን መሥራት ችሏል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በላይ ተቃዋሚዎቹ የሚዘሉት ግኝት እዚያው ጥናት ላይ አለ። እርካታ በቀዶ ሕክምናው ወገን ከፍ ያለ ነበር፤ ያም ሆኖ ሕመሙ ቢመለስ ምን ትመርጣላችሁ ሲባሉ 53 በመቶው መርፌውን መረጡ። ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የሚያርስ፣ የሚነዳ፣ የታመመ ባለቤቱን የሚያስታምም ሰው ለሁለት ወር አንድ እጁን ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ደግሞም ቀዶ ሕክምናውም ሥሩን አይነቅልም፤ ሲመለስ በጠባሳ ላይ ዳግም መክፈት ነርቭን ይበልጥ ለአደጋ ያጋልጣል። መርፌው ግን ሊደገም ይችላል።

ለሁሉም እጅ ግን አይሆንም። የጣቱ መካከለኛ አንጓ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ከደረቀ መርፌ ብዙም አያቃናውም፤ ልምድ በሌለው ሐኪም እጅ ደግሞ ነርቭ ወይም ጅማት ሊቆርጥ ይችላል። አገር ቤት የምናየው በእሳት ቃጠሎ ጠባሳ የታጠፈ ጣትም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የጎደለው ቆዳ ነውና መርፌ አይፈታውም። የዱፒትረን ሕመም በእኛ ዘንድ ብዙ ባይታይም ከስኳር ሕመም ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው መዳፉ ላይ የተቋጠረ ነገር ካገኘ ለሐኪሙ ያሳይ።

ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም መንገድ ከነዋጋቸው ይስማ፦ በየትኛው ስንት ቀን ከሥራ እንደሚቀር፣ በየትኛው ቶሎ እንደሚመለስበት፣ ቢመለስ ቀጣዩ ምን እንደሆነ። መርፌውን የማይሠራ ቀዶ ሐኪም ይህንኑ በግልጽ ተናግሮ ወደሚሠራው ይላከው።