ከሥራ ሰዓት በፊት ያለችው አንዲት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት በዚህ በናይሮቢ ከተማ ከሥራ ስንወጣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ አብሮኝ እየተራመደ፥ «ጋሼ፥ መጽሐፍ ለመጻፍ ከፍ ያለ ምኞት አለኝ፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቀኑን ይወስድብኛል፥ የመንገዱ መጨናነቅ ደግሞ ማታዬን ይጨርስብኛል። እንግዲህ ሥራዬን ልተው ወይስ ምኞቴን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፥ «ሁለቱንም አትተው» ብዬ መለስሁለት። መልሴ አጭር ስለ ነበረ ደስ እንዳላሰኘው ከፊቱ ተረዳሁ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ያልነገርሁትን ምክንያት ዛሬ በዚህ ዓምድ ላቀርብለት አሰብሁ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን፥ ቀን መዝገብ እያገላበጡ ማታ ብዕር የሚያነሡ የብዙ ሠራተኞች ጥያቄ ነውና።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ ደራሲነትና የመንግሥት ሥራ ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከብዙዎቹ መጻሕፍታቸው ጋር የኖሩት በከፍተኛ ኀላፊነት ላይ ሆነው ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም እስከ መሆን ደርሰዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያቀረቡት፥ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ባገለገሉበት ዘመን ነው።

ምሳሌውን ግን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ የምንኖርባት ከተማም ትመሰክራለች። ማርጋሬት ኦጎላ የተባሉት ኬንያዊት በናይሮቢ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። በኤች አይ ቪ የተያዙ ወላጅ አልባ ሕፃናት በሚጠለሉበት በኮቶሌንጎ ቤት በሕክምና ኀላፊነት ሠርተዋል፤ በቤታቸውም የልጆች እናት ነበሩ። በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል «ወንዙና ምንጩ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ልብ ወለድ ጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1994 አሳተሙ። መጽሐፉ የሉኦ ሴቶችን ኑሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተከተለ የሚተርክ ሲሆን፥ መነሻውም ከእናታቸው አፍ የሰሙት የቀድሞ ዘመን ወሬ ነበር። በ1995 ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን የኮመንዌልዝ የጸሐፊዎች ሽልማት ከአፍሪካ ክፍል አገኘ፤ በኬንያ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች አነበቡት። ደራሲዋ በ2011 አረፉ፤ መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል። እንደዚሁም ዩሱፍ ዳውድ በሚል የብዕር ስም የታወቁት የናይሮቢ ቀዶ ሐኪም፥ ከቀዶ ሕክምና ክፍል እየወጡ በ«ሰንደይ ኔሽን» ጋዜጣ ላይ ለብዙ ዓመታት የሐኪም ማስታወሻቸውን ጽፈዋል።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጊዜውን ከየት አገኙት? የአሠራሩን ነገር ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የነገረን እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ይህ ሰው በፖስታ መሥሪያ ቤት ከ1834 እስከ 1867 ድረስ 33 ዓመት አገልግሏል፤ በዕድሜውም 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ይቀመጥ ነበር፤ ቡና አፍልቶ እንዲቀሰቅሰው ለአንድ ሽማግሌ አገልጋዩ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል፤ የጻፈውንም ገጽ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ሒሳብ በመዝገብ ያሰፍራል። ለሥራ ሲጓዝም በባቡር ውስጥ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፥ ሚስቱም ኋላ ትገለብጥለት ነበር። ሥራውን የለቀቀው መተዳደሪያው በብዕሩ ከተረጋገጠ በኋላ እንጂ በፊት አለመሆኑን ወጣቱ ወዳጄ ልብ ይበል። የወር ደመወዝ ያለው ሰው ለእንጀራ ሲል ያልበሰለ ጽሑፍ ለማሳተም አይቸኩልምና።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መደበቅ አይገባኝም። በምሥራቅ ትግራይ የኖረችው እናቴ፥ አባቷ ከነጋዴዎች ጋር ጨው ለማምጣት ወደ አፋር በረሓ ስለሚወርድበት ጉዞ አዘውትራ ታወራን ነበር። ይህን በመጽሐፍ ለማኖር አሰብሁና አንድ ቀን «በአንድ ዓመት መጽሐፉን እጨርሳለሁ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። በሦስተኛው ወር ግን ከዐሥር ገጽ አላለፍሁም፤ ወረቀቱን ባየሁት ቍጥር ስለማፍር አነሣሁት። በማስታወሻ ደብተሬም ለእናቴ የማቀርብላት ዐሥራ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጉዞው ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ውኃ የሚቀዱት ከየት ነበር? እርሷና እናቷ በዚያን ጊዜ ምን እየበሉ ይቈዩ ነበር? የዓመት ፈቃድ ስወስድ እጠይቃታለሁ እያልሁ ሁለት ዓመት አሳለፍሁ። በሦስተኛው ዓመት እናቴ አረፈች። ደብተሩ እነሆ በእጄ ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ አሉ፥ መልስ ግን የላቸውም።

ከዚህ በኋላ የተማርሁትን በአራት ነገሮች አጠቃልዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ግብ ማለት በራሳችን ሥልጣን ሥር ያለ ነገር ነው። «ዝነኛ ደራሲ እሆናለሁ» የሚል ምኞት ነው፤ «ነገ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ» የሚል ግን ግብ ነው። ግማሽ ገጽ ደግሞ አይናቅም። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ሰው በ52 ሳምንት 130 ገጽ ይጽፋል፤ ለሕመም፥ ለጉዞና ለእንግዳ ስምንት ሳምንት ቢቀነስበት እንኳ 110 ገጽ ይቀርለታል።

ሁለተኛ፥ ግቡን በሦስት ደረጃ መክፈል ይገባል። ለሳምንቱ የገጹን ቍጥር፤ ለሦስት ወር ያለቀ አንድ አጭር ጽሑፍ ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ መላክን፤ ለዓመቱ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ረቂቅ መወሰን ነው። አዘጋጁ ጽሑፉን ቢመልሰው፥ አርሞ ለሌላ መላክ እንጂ ማዘን ከግቡ ውስጥ የለበትም።

ሦስተኛ፥ ከቤተ ሰብ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። እኔ ከባለቤቴ ጋር የተስማማሁት ጊዜውን ከእንቅልፌ እንጂ ከልጆቼ እንዳልወስድ ነው። ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ያለችው ጊዜ የጽሕፈቴ ናት፤ ቅዳሜ ግን ደብተሩ አይከፈትም። በነገራችን ላይ የዚህ አገር የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋትና ከምሽት ጀምረው ስለሚቈጥሩ፥ ዘበኛችን «ጌታዬ፥ ሁልጊዜ በዐሥራ አንድ ሰዓት መብራትዎ ይበራል» ሲለኝ ያለ ትርጕም እንግባባለን።

አራተኛ፥ የመንግሥት ሰዓት፥ የመንግሥት ወረቀትና የመሥሪያ ቤት ምሥጢር ለግል ድርሰት አይውሉም። ደንቡ ከማሳተም በፊት ፈቃድ መጠየቅን የሚያዝዝ ከሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በሥራው የማይታመን ሰው በጽሑፉ ስለ እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል?

በመጨረሻም አማርኛን ገና በመማር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ቋንቋውን እስክንጨርስ ድረስ አንጽፍም ማለት፥ መዋኘት ሳልችል ውኃ አልነካም እንደ ማለት ነው። በየገጹ ሦስት አዳዲስ ቃላት ጨምሩ፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ወዳጅ አሳይታችሁ አሳርሙ፤ የታረመውንም እንደ ገና በእጃችሁ ገልብጡ። እኔም አማርኛን የተማርሁት እንዲሁ ነው። በትግርኛ «ሎሚ» ማለት «ዛሬ» ማለት ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በሰሌዳው ላይ «ሎሚ» ብለው ቢጽፉ፥ ቀኑን ሊነግሩን መስሎኝ ስጠባበቅ ፍሬውን ሥለው ከጎኑ አሳዩን፤ ክፍሉም ሣቀ።

አሁን በየማለዳው በደብተሬ ራስጌ በመጀመሪያ የምጽፈው ያንኑ ቃል ነው፤ በእናቴ ቋንቋ እንጂ በፍሬው ትርጕም አይደለም። ወጣቱ ወዳጄም እናቱ በሕይወት አሉ፤ ማታ ስልክ ይደውልላቸውና ከጥያቄዎቹ አንዱን ይጠይቃቸው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ከዚያ ይጀምራል።