የጠፈር ቀደምቶች ቤትና ከደጅ የቀሩት

የጠፈር ምርምር ቀደምቶች የኖሩበት ቤት በመታሰቢያነት ተጠብቆ ለጎብኚ መከፈት የጀመረው የሰው ልጅ ጠፈር ከመውጣቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነው። በሩሲያ ካሉጋ ከተማ የሚገኘው የኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ቤት በ1936 ሙዚየም ሆነ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ባለቤቱ ካረፈ ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። ሞስኮ ኦስታንኪኖ ሰፈር ያለው የሶቪየት ሮኬቶች ዋና ንድፍ አውጪ የሰርጌይ ኮሮልዮቭ ቤት በ1975 ተከፈተ። የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ዩሪ ጋጋሪን ያደገባት ክሉሺኖ መንደርም የራሷ የመታሰቢያ ቤት አላት። በባይኮኑር የሮኬት መወንጨፊያ ደግሞ ጋጋሪን በበረራው ዋዜማ ያደረባት ትንሽ የእንጨት ቤት ከኮሮልዮቭ ማደሪያ ጎን ተጠብቃ ትገኛለች። የጉብኝቱ ሥርዓት በየቦታው ይመሳሰላል። ጎብኚው ጠረጴዛውን፣ አልጋውን፣ መጻሕፍቱን፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ እያየ ያልፋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ሲወጣ ሰውየውን ያወቀ ይመስለዋል።

ከዚህ ልማድ ጀርባ ያለው እምነት፣ ታላቅ ሥራ የአንድ ታላቅ ሰው ነው፣ ታላቅ ሰው ደግሞ በቤቱ ይታወቃል የሚል ነው። ለባለቅኔ ወይም ለሠዓሊ ይህ ሊያስኬድ ይችላል፤ ግጥሙ የተጻፈው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሮኬት ግን መኖሪያ ቤት ውስጥ አይሠራም። ፋብሪካ፣ የሙከራ ሜዳ፣ የመንግሥት በጀት፣ የጦር ሠራዊት ትእዛዝና የብዙ ሺህ ሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ መኖሪያ ቤቱን የመታሰቢያው እምብርት ያደረገ አገር ለልጆቹ የሚያወርሰው የተሳሳተ ታሪክ ነው።

የካሉጋው ቤት በመጀመሪያ ሲታይ ይህን ክስ የሚያፈርስ ይመስላል። ጺዮልኮቭስኪ በእርግጥም ብቻውን የሠራ ሰው ነበር። በአሥር ዓመቱ ገደማ በያዘው በሽታ ጆሮው ደነቆረ፤ ራሱን በራሱ አስተምሮ ዕድሜውን በመምህርነት ገፋ፤ በ1903 ሮኬት ከምድር የስበት ኃይል እንዴት ሊያመልጥ እንደሚችል በስሌት ያሳየበትን ጽሑፍ አሳተመ። ቤቱን የገዛው በማግስቱ ዓመት፣ በኦካ ወንዝ አቅራቢያ ነው። በ1908 ወንዙ ሞልቶ ቤቱን ጎዳው፤ ከዚያ በኋላ ፎቅ ተጨመረበትና የሥራ ክፍሉ ወደ ላይ ወጣ። ዛሬ ጎብኚው እዚያ የሚያየው ሰውየው በገዛ እጁ ከቆርቆሮ የሠራቸውን ረጃጅም የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ቶርኖውንና የእጅ መሣሪያዎቹን፣ ብስክሌቱን፣ እንዲሁም ወደ ጣሪያው የምታስወጣውን በር ነው። ያቺን በር ጺዮልኮቭስኪ ራሱ ወደ ጠፈር መውጫ እያለ በቀልድ ይጠራት ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የቆርቆሮው ማዳመጫ ያልነካው ሰው ካለ ልቡ ደንድኗል። ችግሩ ዕቃዎቹ ተሰልፈው የሚነግሩት ታሪክ ነው። ቤቱ በ1936 ሲከፈት የሶቪየት መንግሥት የፈለገው ታሪክ ግልጽ ነበር፤ የንጉሡ ዘመን የናቀውን ሊቅ አብዮቱ አከበረው የሚል። በ1932 ኒሻን ተሸለመ፤ በ1933 አዲስ ቤት ተሰጠው። ይኸው አብዮት ግን በ1919 ከዚያው ከካሉጋ ቤቱ ወስዶ በሞስኮ ሉብያንካ እስር ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል አስሮት ነበር። ይህን በሶቪየት ዘመን የካሉጋ ጎብኚ አልሰማም።

ከዚህም የባሰው የቤቱ ሰዎች ጉዳይ ነው። የጺዮልኮቭስኪ ሚስት ቫርቫራ በመምህር ደሞዝ ሰባት ልጆች ወልዳለች። ከሰባቱ አምስቱ ከአባታቸው በፊት ሞቱ፤ ከሞቱትም ሁለት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። የመኖሪያ ቤት ሙዚየም ከማንም በተሻለ ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ማን ምግብ እንዳበሰለ፣ ማን ልብስ እንዳጠበ፣ ሊቁ ፎቅ ላይ ሲያሰላ ምድር ቤት ማን ምን እንደተሸከመ። ልማዱ ግን ቤትን ያስጎበኛል እንጂ የቤትን ሥራ አያስጎበኝም፤ ወጥ ቤቱ የጥናት ክፍሉ አጃቢ ሆኖ ይቀራል። ጺዮልኮቭስኪ የጻፈው ስለ ሮኬት ብቻ አለመሆኑም ይድበሰበሳል። ፍጽምና የጎደለው ሕይወት ያለ ሥቃይ ከዓለም እንዲወገድ የሚያልም ፍልስፍናም ጽፏል። ይህ አስተሳሰብ ሃያኛውን ክፍለ ዘመን ምን እንዳስከፈለው የሚያውቅ ሰው ሊሞግተው ይገባል። በማዳመጫዎቹ ልቡ የራራ ጎብኚ ግን ለሙግት አይዘጋጅም።

የኮሮልዮቭ ቤት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ባለ ሁለት ፎቁን ቤት መንግሥት ለኮሮልዮቭ የሰጠው በ1959፣ ከስፑትኒክ ስኬት በኋላ ነው፤ በጃንዋሪ 1966 ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ እስከሞተ ድረስ የኖረበት ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ብዙውን ጊዜ ባይኮኑር ነበር። የጋጋሪን በረራ፣ የጠፈርተኛው ሊዮኖቭ የጠፈር ላይ የእግር ጉዞ፣ ያልተሳኩት የጨረቃ ሙከራዎች ሁሉ የተሠሩት ከዚያ ቤት ውጪ ነው። ቤቱ በእውነቱ የሚያሳየው ሰውየው ሲደክመው የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ሚስቱ ኒና ኢቫኖቭና ጠብቃ ባታቆየው ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር፤ ለእርሷ ምስጋና ይገባታል። ዕረፍትን እንደ ሥራ አድርጎ ማቅረብ ግን ጎብኚን ማሳሳት ነው።

ኮሮልዮቭ በሕይወት ሳለ ስሙ የመንግሥት ምስጢር ነበር። ጋዜጦች ዋናው ንድፍ አውጪ ከማለት አያልፉም፤ እርሱም ፕራቭዳ ላይ ሲጽፍ ፕሮፌሰር ኬ. ሰርጌዬቭ በሚል የብዕር ስም ነበር። ሕዝቡ ማንነቱን ያወቀው በሞቱ ነው። ይህ በደል መካስ ነበረበት፤ መካሻው ግን ሌላ በደል ወለደ። አንዱን ሰው የደበቀው ምስጢር ሲገለጥ፣ ያ አንድ ሰው የሌሎቹ ሁሉ መደበቂያ ሆነ። የሶቪየትን ሮኬት የመራው ስድስት አባላት ያሉት የዋና ንድፍ አውጪዎች ምክር ቤት ነበር። ሞተሩ የግሉሽኮ፣ መቆጣጠሪያው የፒሊዩጊን፣ ራዲዮው የሪያዛንስኪ፣ ጋይሮስኮፑ የኩዝኔጾቭ፣ መወንጨፊያው የባርሚን ነበር። ስድስተኛው ኮሮልዮቭ ሁሉን አቀናጀ። ከሞስኮ ወጣ ብሎ በፖድሊፕኪ የነበረው ድርጅቱ የራሱ መሐንዲሶችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩት፤ የባይኮኑርን በረሃ ቆፍረው ያነጹት ደግሞ ወታደሮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ማንም በጥናት ክፍሉ መጋረጃ በኩል አይታይም።

የማይታየው ሌላው ደግሞ እስር ቤቱ ነው። ኮሮልዮቭ በጁን 1938 ተያዘ፤ ተደበደበ፤ ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ተጋዘና በረሃብና በቫይታሚን እጥረት ጥርሶቹ ረገፉ። ቀጥሎም እስረኛ መሐንዲሶች በሚሠሩባቸው ቢሮዎች እያሠሩ በ1944 ለቀቁት። ይሠራበት የነበረው የሮኬት ምርምር ተቋም ኃላፊ ክሌይሚዮኖቭና ምክትሉ ላንጌማክ ግን በጃንዋሪ 1938 ተረሽነዋል። የመኖሪያ ቤት መታሰቢያ የማን ታሪክ እንደሚቀር የሚወስነው እዚህ ላይ ነው፤ ለሙዚየም የሚበቃ ቤት የሚኖረው እስከ ሹመትና ሽልማት ድረስ በሕይወት የቆየ ሰው ነው። በአርባ ዓመቱ የተረሸነ፣ ቤተሰቡ የተበተነበት ሰው ያልተነካ የጥናት ክፍል ትቶ አያልፍም።

ዩሪ ኮንድራቲዩክ የዚህ ጉልህ ማሳያ ነው። በትውልድ ስሙ አሌክሳንደር ሻርጌይ የሚባለው ይህ ሰው በሩሲያው የእርስ በርስ ጦርነት አብዮቱን ከወጋው የነጮች ጦር ጋር የነበረበት ጊዜ እንዳያስገድለው ፈርቶ ከ1921 ጀምሮ በሌላ ሰው ስም ኖረ። የእህል ማከማቻ ጎተራ እየሠራ በ1929 የጠፈር ጉዞ መጽሐፉን ኖቮሲቢርስክ ውስጥ በራሱ ወጪ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት ታሰረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከግንባር ቀረ። ዋናው መንኮራኩር ጨረቃን እየዞረ ይቆይ፣ ትንሿ ብቻ ታርፍና ትመለስ የሚለው ሐሳብ በጽሑፎቹ ውስጥ ይገኛል፤ አፖሎ ጨረቃ ላይ ያረፈው በዚህ ዘዴ ነው። በገዛ ስሙ መኖር ያልቻለ ሰው የሚጎበኝ መኖሪያ ከየት ያመጣል?

እውነተኛ ዕቃን በዓይን ማየት መጽሐፍ የማይሰጠው ኃይል አለው፤ በተለይ ለልጆች የሚለው የልማዱ ጠበቆች መከራከሪያ በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ራሳቸው ሁልጊዜ እውነተኛ አይደሉም። የጋጋሪን አባት ከጦርነቱ በኋላ የክሉሺኖውን ቤት አፍርሶ እንጨቱን ወደ ግዣትስክ ከተማ ወስዶ እዚያ ተከለው፤ ክሉሺኖ ላይ አሁን የቆመው በኋላ የተሠራ አምሳያ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ግቢ ከሁሉ የበለጠ እውነት የሚናገረውም ሌላ አምሳያ ነው። የጀርመን ጦር ቤቱን ሲይዝ የጋጋሪን ቤተሰብ ቆፍሮ የኖረበት ጠባብ የጉድጓድ መጠለያ ተመስሎ ተሠርቷል። ጎብኚው ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ ያ ልጅ በጦርነት መካከል እንዳደገ፣ ወንድሙና እህቱም በ1943 በጀርመኖች እንደተጋዙ በሰውነቱ ጭምር ይረዳል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ ታሪኩ ግን አልተቀባም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ዕቃው የማን ነበር የሚለው ሳይሆን ዕቃው ምን ያስረዳል የሚለው ነው።

ከአሜሪካ የሮበርት ጎዳርድ ምሳሌ በዚህ ይረዳል። በማርች 16 ቀን 1926 ኦበርን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአክስቱ እርሻ ላይ የተኮሳት በፈሳሽ ነዳጅ የምትሠራ የመጀመሪያዋ ሮኬት የበረረችው ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው፤ ከፍታዋም 12 ሜትር ገደማ ነበር። ከ1930 ጀምሮ በሠራበት በሮዝዌል፣ ኒው ሜክሲኮ ያለው ሙዚየም የመረጠው ግን ሳሎኑን ሳይሆን ወርክሾፑን መልሶ ማሳየት ነው። ወርክሾፕ ያለ ሠራተኛ ትርጉም ስለሌለው፣ ብረቱን ማን ቀረጸው የሚለው ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። ሚስቱ አስቴርም ከታሪኩ ጥግ ወደ መሐል ትገባለች። ሙከራዎቹን በካሜራ የቀረጸችው እርሷ ነበረች፤ በስሙ ከተመዘገቡት 214 የፈጠራ መብቶች 131ዱ የተገኙት እርሱ ከሞተ በኋላ በእርሷ ጥረት ነው።

ጀርመን ደግሞ ትምህርቱን ያገኘችው በውርደት ነው። ፔነሙንደ ላይ የሮኬት መሐንዲሱ የቨርነር ፎን ብራውን ቡድን በኦክቶበር 3 ቀን 1942 ያስወነጨፈው ሮኬት፣ በኋላ ቪ-2 ተብሎ ለንደንንና አንትወርፕን የደበደበው ነው። በ1992 ሃምሳኛ ዓመቱ የጠፈር በረራ ልደት ተብሎ ሊከበር ታሰበ፤ ከውጭም ከውስጥም ተቃውሞ ተነሣና በዓሉ ተሰረዘ። የሮኬቱ ዋና ፋብሪካ በሚተልባው ዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጉልበት የሚሠራ የዋሻ ፋብሪካ ነበርና። ከ60,000 ያህል እስረኞች 20,000 ገደማ አልቀዋል። ዛሬ ዶራ ላይ የመታሰቢያ ማዕከል አለ፤ የፔነሙንደ ሙዚየምም በቀድሞው የኃይል ማመንጫ ውስጥ ሆኖ ሮኬቱንና የግዳጅ ሥራውን አንድ ላይ ያሳያል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ያየ ሰው ፎን ብራውን በምን ዓይነት ወንበር ይቀመጥ እንደነበር አይናፍቀውም።

ቤቶቹ ይዘጉ ማለት ግን አይደለም። የኦስታንኪኖው ቤት በመጀመሪያው ክፍሉ የስድስቱን ንድፍ አውጪዎች የሥራ ድርሻ፣ የኮሊማን ዓመታትና የተረሸኑትን ባልደረቦች ቢያስቀድም፣ ጠረጴዛው የሚታየው ከዚያ በኋላ ቢሆን፣ ጎብኚው ያንኑ ጠረጴዛ በሌላ ዓይን ያየዋል። በካሉጋ የቫርቫራ ወጥ ቤት ከፎቁ ክፍል እኩል ማብራሪያ ይገባዋል። በባይኮኑር የጋጋሪንን አልጋ የሚያሳይ አስጎብኚ በኦክቶበር 24 ቀን 1960 አር-16 ሮኬት መወንጨፊያው ላይ ፈንድቶ ብዙ ሰዎች በእሳት ማለቃቸውን፣ ነገሩም እስከ 1989 ለሶቪየት ሕዝብ አለመነገሩን ሳይናገር ጉብኝቱን መጨረስ የለበትም። የፖድሊፕኪው ድርጅት አሁንም በሥራ ላይ ያለ የመንኮራኩር ፋብሪካ ስለሆነ እንደ መኖሪያ ቤቱ ለመጣው ሁሉ በሩን አይከፍትም። የጋጋሪንን መንኮራኩር የሠሩትን እጆች ታሪክ ለሕዝብ ማውጣት ግን የፋብሪካን ምስጢር ማባከን አይሆንም፤ የሥራ ክፍሎቹ ፎቶግራፎችና የሠራተኞቹ ስሞች ከአጥሩ ውጪ፣ በከተማው ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ።